በበግ ወጥ ድስት ውስጥ ያለው ታሪክ

የበዓል ሰሞን በመጣ ቁጥር እዚህ ፌስቡክ ላይ አንድ የማይቀር ክርክር አለ። አንዱ የቀይ ወጥ ፎቶ ይለጥፍና «የ3000 ዓመት ባህላችን!» ይላል። ሌላው ከታች ገብቶ «ከእኛ የወሰዳችሁት ነው» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ስለ ወጥ የሚያወራ ሰው አይገኝም፤ ዘር ቆጠራና ስድብ ብቻ ይሆናል። ወጡ ይቀዘቅዛል፣ ጠቡ ይሞቃል።

ያስተማርኳችሁ ልጆች ታውቁኛላችሁ፣ «ማስረጃው የታል?» ሳልል አላልፍም። እንግዲያው ዛሬ ማስረጃውን ከድስቱ ውስጥ እናውጣ። የበግ ወጥ እንሥራ፤ ወደ ድስቱ የሚገባውንም አንድ በአንድ «አንተ ከየት መጣህ?» እያልን እንጠይቀው። አሠራሩንም ጎን ለጎን እነግራችኋለሁ። ላጤዎች በተለይ ልብ በሉ። (ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከበጉ እንጀምር። በግ በዚህ አገር እንግዳ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? የቤት በግ የመጣበት የዱር በግ በአፍሪካ ምድር አይገኝም። ሰው በግን ያላመደው በደቡብ ምዕራብ እስያ፣ ዛሬ ቱርክ፣ ኢራቅና ኢራን በምንላቸው አገሮች አካባቢ ነው፤ ከዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ በፊት። ወደ አፍሪካ የተሻገረው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። እዚህ ከደረሰ በኋላ ግን የየአካባቢው አርቢ በየአየሩ ጠባይ መርጦ አራባው። የመንዝ በግ ትንሽ፣ ፀጉራምና ብርድ የሚችል ነው፤ ባናና በርኖስ የሚሠራው ከፀጉሩ ነው። የሆሮና የቦንጋ በግ ቁመተ ረጅም ነው። የአፋርና የሶማሌ በግ ደግሞ ላቱ ውስጥ ስብ አጠራቅሞ ድርቅን ያልፋል። እንግዳ ሆኖ የመጣው በግ ባለቤት ሆኖ ቀረ። የመጀመሪያው ትምህርታችን ይኸው ነው፤ ሌሎቹም ከዚህ ብዙ አይርቁም።

ለአንድ ኪሎ የበግ ሥጋ ከጎድኑና ከወርቹ፣ ከነአጥንቱ ያዙ። አጥንት የሌለው ሥጋ ለጥብስ ይሁን፤ ወጥ ውስጥ መረቁን የሚያወፍረው አጥንቱ ነው። ሥጋውን አጥባችሁ በሌላ ድስት በራሱ ውሃ መጠጥ እስኪል አብስሉትና ወደ ጎን አድርጉት።

አሁን ወደ ሽንኩርቱ። ለአንድ ኪሎ ሥጋ አንድ ኪሎ ገደማ ቀይ ሽንኩርት፣ ደቆ የተከተፈ። አዎ፣ አንድ ኪሎ። «አይበዛም?» የምትሉ ትኖራላችሁ፤ አይበዛም። ሽንኩርትም፣ ነጭ ሽንኩርትም የመካከለኛው እስያ ልጆች ናቸው። የጥንት ግብፆች፣ ሕንዶች፣ ፋርሶች ሁሉ ሲበሏቸው ኖረዋል። ታዲያ የእኛ የሚባለው ምኑ ነው? አያያዙ ነው። ሌላው ዓለም አብዛኛው መጀመሪያ ዘይቱን ያግላል፣ ከዚያ ሽንኩርቱን ይጨምራል። እናቶቻችን ግን ሽንኩርቱን ባዶ ድስት ላይ ነው የሚጥሉት። ዘይት የለም፣ ቅቤ የለም። ሽንኩርቱ የራሱን ውሃ ያወጣል፤ ውሃው ይተናል፤ ከዚያ ያለው ስኳር ይጠቁርና ይጣፍጣል። ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ ያደርጉበታል፣ ያማስላሉ፣ ደግመው ጠብ ያደርጋሉ። ግማሽ ሰዓትም፣ አርባ ደቂቃም ይሄዳል። በመጨረሻ ሽንኩርት መሆኑ ይጠፋና ቁሌት ይሆናል። የበግ ወጥ በስንዴ ዱቄት አይወፍርም፤ የሚያወፍረው ይህ የሟሟ ሽንኩርት ነው። ቁሌቱ ላይ የተቻኮለ ሰው ወጡ ውሃ ለብቻ፣ ሥጋ ለብቻ ይሆንበታል።

እዚህ ላይ በርበሬው ይገባል፤ ክርክሩም እዚህ ላይ ነው።

ቀይ በርበሬ፣ ቃሪያና ሚጥሚጣ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ የትውልድ አገራቸውም አሜሪካ ነው። በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ የነበሩ ሕዝቦች ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲያለሟቸው ኖረዋል። ኮሎምበስ በ1492 ወደዚያ ከመድረሱ በፊት በአፍሪካ፣ በእስያም ሆነ በአውሮፓ ቀይ በርበሬ የቀመሰ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ነው የፖርቱጋልና የሌሎችም መርከቦች ወደ አፍሪካና ወደ ህንድ ዳርቻዎች ያደረሱት።

ይህን ከአገራችን ታሪክ ጋር እናገናኘው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ያረፉት በ1468 ነው። ኮሎምበስ ባሕሩን የተሻገረው ከዚያ 24 ዓመት ቆይቶ ነው። ስለዚህ ንጉሥ ኢዛና፣ ንጉሥ ላሊበላ፣ አፄ ይኩኖ አምላክ፣ አፄ ዓምደ ጽዮን፣ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ አንዳቸውም ዛሬ እኛ «ጥንታዊ» የምንለውን ቀይ ወጥ አልቀመሱም። በግ በልተዋል፤ ቅቤ በልተዋል። ቀይ ወጥ ግን አልበሉም።

«ታዲያ በርበሬ የሚለው ስም ከየት መጣ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ዛሬም ሁለት በርበሬ አለን፤ በርበሬና ቁንዶ በርበሬ። በዕጽዋት ሳይንስ ሁለቱ ዝምድና የላቸውም። ቁንዶ በርበሬ የህንድ ሐረግ ፍሬ ነው፤ ቀዩ ደግሞ የአሜሪካ ቁጥቋጦ ፍሬ። ስማቸው የተቀራረበው ሁለቱም ስለሚያቃጥሉ ነው። ፈረንጆቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ኮሎምበስ ቁንዶ በርበሬና ወርቅ ፍለጋ ወጥቶ ሌላ የሚያቃጥል ነገር ስላገኘ፣ እንግሊዝኛው እስከ ዛሬ ሁለቱንም «ፔፐር» ይላቸዋል።

ቁንዶ በርበሬ ምን ያህል የተከበረ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ1520 በሮድሪጎ ደ ሊማ የሚመራው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ወደ አፄ ልብነ ድንግል መጣ። አብሯቸው ቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነበር፤ ያየውን ጽፎ መጽሐፉ በ1540 ሊዝበን ላይ ታትሟል። ለንጉሡ ከቀረቡት ስጦታዎች መካከል ከጎራዴና ከመሣሪያ ጋር ምን ነበረበት መሰላችሁ? ቁንዶ በርበሬ! ዛሬ ከሱቅ በትንሽ ላስቲክ የምንገዛው ነገር ያኔ ለንጉሥ እጅ መንሻ ነበር።

250 ዓመት ወደፊት እንዝለል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገባ። በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ሰዎች ጥሬ ሥጋ በጤፍ እንጀራ ጠቅልለው ሲበሉ ይገልጻል። ሥጋው ላይ የሚነሰነሰው ቁንዶ በርበሬ ወይም ቀይ በርበሬ፣ ከጨው ጋር መሆኑንም ጽፏል። ሁለቱ በርበሬዎች አንድ ገበታ ላይ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ስለዚህ የአሜሪካው ፍሬ በአልቫሬዝና በብሩስ ዘመን መካከል መጥቶ፣ ተዘርቶ፣ ከገበታችን ተቀምጧል።

ከዚያ በፊት የነበረው ሰው አልጫ አልጫውን ብቻ ይበላ ነበር ማለቴ አይደለም። የሚያቃጥል ነገር ሞልቷል። በደቡብ ምዕራብ ጫካዎቻችን ጥምዝ አለ፣ ኮረሪማ አለ። ሰናፍጭ አለ። በቀይ ባሕር ንግድ የሚመጣ ቁንዶ በርበሬና ዝንጅብል አለ። ቀዩ በርበሬ የመጣው ማጣፈጥን ጠንቅቆ ወደሚያውቅ ቤት ነው።

«እሺ፣ እንግዲያው ንጹሑ ጥንታዊ ምግባችን አልጫው ነው» የሚልም አይጠፋም። ቆይ! አልጫውን ቢጫ የሚያደርገው እርድ የእስያ ተክል ነው። አልጫው ውስጥ የምንጨምረው ድንች ደግሞ ከአሜሪካ ወጥቶ፣ አውሮፓን ዞሮ፣ ሺምፐር በሚባል ጀርመናዊ የዕጽዋት ተመራማሪ በ1858 ኢትዮጵያ የገባ ነው። በዚህ በኩልም መሸሻ የለም።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ የተዋረደ ይመስለዋል። ለምን? ጣልያን ያለ ቲማቲም ፓስታውን አያስበውም፤ ቲማቲሙ ግን የአሜሪካ ነው። ህንድ ያለ ቃሪያ ምግብ የላትም፤ ቃሪያው የአሜሪካ ነው። ማንም «ፓስታው የጣልያን አይደለም» አይልም። ምግብ የአንድ አገር የሚሆነው ፍሬው እዚያ ስለበቀለ ሳይሆን እዚያ ስለተደከመበት ነው።

የድካሙ ነገር ከተነሳ በርበሬያችን እንዴት እንደሚዘጋጅ አስቡ። ዛላው ከማረቆ ወይም ከሀላባ ይመጣል። ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ ጤና አዳሙ አብሮት ይደለዛል። እንደገና ይሰጣል። ጥቁር አዝሙዱ፣ ነጭ አዝሙዱ፣ ኮረሪማው ተጨምሮበት ወፍጮ ቤት ይሄዳል፤ ወፍጮ ቤት ባልነበረበት ዘመን ደግሞ በድንጋይ፣ በሴት ጉልበት ይፈጫል። ሰፈሩ ሁሉ ያስነጥሳል። የሳምንታት ሥራ ነው። በዓለም ላይ ቀይ ቃሪያ የሌለው አገር ጥቂት ነው፤ ይህ ድልዝ ያለበት ግን የእኛ ቤት ነው።

ወደ ድስቱ እንመለስ። ቁሌቱ ላይ ትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ ጨምሩና አራት አምስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ አስገቡ። እሳቱን ቀንሱ። በርበሬ አንዴ ካረረ የሚመልሰው የለም። ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ፣ ጥሬ ጥሬ ማለቱን እስኪተው ሃያ ደቂቃ ያህል አቁላሉት። ከዚያ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ከዚያ ሥጋው፣ ከዚያ የሚበቃውን ያህል ሙቅ ውሃ። ክደኑት፤ በቀስታ እሳት አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይንተክተክ።

እስኪበስል ድረስ ስለ ኮረሪማ እናውራ። ኮረሪማ የራሳችን ነው፤ ከከፋና ከአካባቢው ጫካ የወጣ። ግን ከከፋ ጎንደር እንዴት ደረሰ? የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የርቀት ንግድ የተማራችሁ አስታውሱ። ነጋዴዎቹ ከቦንጋ ተነስተው በሊሙ እናርያ ሳቃ፣ ዓባይን ተሻግረው በጎጃም ባሶ፣ ከዚያ ጎንደር፣ ከዚያ ምጽዋ ይወርዱ ነበር። ከሰሜን አሞሌ ጨው ይመጣል፤ ከደቡብ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ኮረሪማ ይሄዳል። በዚያው ጉዞ፣ በዚያው መንገድ፣ በባርነት የተያዙ ሰዎችም ይነዱ ነበር። ብዙዎቹ ልጆችና ሴቶች ነበሩ። ይህን ፈተና ላይ «የንግድ ሸቀጦችን ዘርዝር» ተብሎ እንመልሰውና እናልፈዋለን። ድስት ፊት ቆሞ ሲያስቡት ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ቅመሙና ሰዎቹ አንድ መንገድ ላይ ነበሩ።

መንገዱ የሚያልቀውም ብዙ ጊዜ ወጥ ቤት ነው። በትልልቅ ባላባቶች ቤት ውሃ የሚቀዱት፣ እንጨት የሚሸከሙት፣ ሲፈጩ የሚያድሩት አብዛኞቹ በባርነት ያሉ ሴቶች ነበሩ። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. (1942) ነው። ሩቅ አይደለም፤ የአያቶቻችን ዕድሜ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1887 ለእንጦጦ ማርያም ምረቃ ያስበሉትን ታላቅ ግብር ታሪክ መዝግቦታል፤ ይገባቸዋልም፤ የግብር ቤት ሥራን እንደ መንግሥት ሥራ የመሩ ሴት ናቸው። ያን ሁሉ ሽንኩርት የከተፉት፣ ያን ሁሉ በርበሬ የደለዙት ግን ስም የላቸውም።

ድስቱስ? ወጥ ለብዙ ዘመን የተሠራው በሸክላ ነው። ሸክላ ይዞ የቆየ ሙቀት በቀስታ ስለሚሰጥ ለወጥ የተፈጠረ ይመስላል። ሸክላ ሠሪዋ ግን «ቡዳ» ትባል ነበር። ጎንደር አጠገብ ወለቃ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች በሸክላ ሥራቸው የታወቁ ናቸው። ገበያ አውጥተው የሸጡትን ድስት ሰው ገዝቶ ይበላበታል፤ ከሠሪዋ ጋር ግን አይበላም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል፤ አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ግን ቶሎ አልጠፋም። ዛሬ አብዛኞቹ ቤተ እስራኤላውያን በ1984–85 እና በ1991 በተደረጉት ጉዞዎችና ከዚያም በኋላ እስራኤል ገብተዋል። «ባህላችን» የምንለው ወጥ የበሰለው በሰደብናቸው ሰዎች እጅ በተሠራ ድስት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ክርስቲያኑ ከ55 ቀን ዐቢይ ጾም በኋላ ለፋሲካ፣ ሙስሊሙ ለአረፋ በግ ያርዳል። አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም፤ ስለዚህ አብሮ የሚኖር ጎረቤት ድግስ ሲኖረው ለሌላኛው ለብቻ ያሳርዳል፣ በሌላ ድስት ያሠራል። ድስቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩዋቸው። ቁሌቱ ያው ነው፣ በርበሬው ያው ነው፣ ኮረሪማው ያው ነው። የሚለየው ባራኪው ብቻ ነው። ሁለት ድስት መጣድም ራሱ መከባበር ነው፤ ማንም ሳይበላ እንዳይሄድ የታሰበ ነው።

በሉ፣ ወጡ ደርሷል። ቅባቱ ከላይ መጥቶ ዙሪያውን ሲያበራ ታውቁታላችሁ። አሁን የተነጠረ ቅቤ አንድ ሁለት ማንኪያ ጨምሩ። ያ ቅቤ ራሱ የማስቀመጥ ጥበብ ነው። ሲነጠር ውሃውና አሬራው ስለሚወጣለት ብዙ ወራት ይቆያል፤ ወተት የሚነጥፍበትን ወቅትና ረጅሙን ጾም የሚሻገረው በዚህ ነው። ኮሰረቱና ኮረሪማው ሽታውን ይሰጡታል።

የመጨረሻው መከለሻ ነው። ከእሳት ልታወርዱት ስትሉ ትንሽ ነስንሱበት። መከለሻው ውስጥ ምን አለ? ቁንዶ በርበሬ፣ ጥምዝ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ። አስተዋላችሁ? ከቀዩ በርበሬ በፊት የነበሩት ናቸው! አዲሱ መጥቶ የድስቱን መሠረት ያዘ፤ አሮጌዎቹ ግን አልተባረሩም፣ የመጨረሻውን ቃል እንዲናገሩ ተቀመጡ። እናቶቻችን ይህን በመጽሐፍ አልጻፉትም፤ በአሠራር ቅደም ተከተል አቆዩት እንጂ።

እኔ ከዚህ ድስት የማወጣው መልስ ይህ ነው። ወጡ የ3000 ዓመት አይደለም። የአንድ ብሔረሰብ ብቻም አይደለም። በጉ ከእስያ፣ ሽንኩርቱ ከእስያ፣ በርበሬው ከአሜሪካ፣ ኮረሪማው ከከፋ፣ ጨው ከአፋር፣ ድስቱ ከወለቃ። የእኛ የሚያደርገው ሙያው ነው፤ ባዶ ድስት ላይ ሽንኩርት የማቁላላት፣ በርበሬ የመደለዝ፣ ቅቤ የማንጠር ሙያ። የሙያው ባለቤቶች ደግሞ እኛ እዚህ የምንሰዳደበው ወንዶች አይደለንም። ስማቸውን ያልጻፍንላቸው ሴቶች፣ ገዝተን ያሠራናቸው ሰዎች፣ ሰድበን የተጠቀምንባቸው ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። ስለ ባህል መኩራት የፈለገ ሰው ኩራቱን ከእነሱ ይጀምር።

የቤት ሥራ አለባችሁ፤ «ቲቸር ተመርቀናል እኮ» አይሠራም። እናታችሁን ወይም አያታችሁን ወጥ መሥራት ማን እንዳስተማራቸው ጠይቁ። የዚያችን ሴት ስምና ያደገችበትን ቦታ፣ በርበሬዋ ውስጥ የምትጨምረውንም ከነመጠኑ ደብተር ላይ ጻፉ። ምሁር መጥቶ እስኪጽፍላችሁ አትጠብቁ፤ የሚያውቁት ሰዎች ዕድሜ እየገፋ ነው።

ድስቱንም ራሳችሁ አጥቡ። መልካም በዓል።